ዓለማየሁ እሸቴ ያረፈ ሰሞን

ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሐሙስ ነበር። ወሬው እኔ ዘንድ የደረሰው ግን በማግሥቱ ዓርብ ጠዋት ነው። ክረምቱን ከእኛ ጋር ልታሳልፍ የመጣችው የ13 ዓመት የልጅ ልጄ ስልኳን እያየች ሳሎን ገባችና አንድ ነገር አለችኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ባለቤቴ ጓዳ ሽንኩርት ታቁላላለች፤ ቴሌቪዥኑም ተከፍቷል።

«ዓለማየሁ መጣ?» አልኳት። የዕድራችን ጸሐፊ ዓለማየሁ ነው ስሙ። «ታዲያ ምን ደጅ ያቆመዋል? ዝናብ አይደል እንዴ? ግባ በይው እንጂ!»

ልጅቷ ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። የምቀልድ መስሏታል። ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባት ስልኩን ወደ ፊቴ አስጠጋችው። ፎቶግራፉን ዐወቅሁት። ከፎቶግራፉ በታች ያለውንም አነበብኩ። «መጣ» አይደለም ያለችኝ፤ «ሞተ» ነው። ዓለማየሁም የዕድራችን ጸሐፊ ሳይሆን ዓለማየሁ እሸቴ ነው።

እንግዲህ የወጣትነቴን ዘፋኝ መርዶ የሰማሁት እንዲህ ነው። ሰማሁ ማለት ከተቻለ።

ይህንን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ የዓለማየሁ ሞት ብቻ አይደለም። የሱ ሞት እግረ መንገዱን የገለጠብኝ የራሴ ጉድ ነው። እኔን የመሰላችሁ አያቶች፣ እኔን የመሰለ አባት ያላችሁ ልጆችም ትኖራላችሁና ጉዴን ላውጋችሁ።

አባቴና ሰፊው ሱሪ

በ1962 ዓ.ም. የ19 ዓመት ጎረምሳና የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርኩ። አባቴ መርካቶ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። ለስድስት ልጆች የዕለት እንጀራ የሚወጣው ከአንዲት ሲንጀር መኪና ነው። በዚያ ዘመን የእኔና የጓደኞቼ ጭንቀት ግን እንጀራ አልነበረም፤ ጸጉርና ሱሪ ነው። ጸጉራችን እንደ ዓለማየሁ ወደ ላይ ካልቆመ፣ ሱሪያችን ከጉልበት በታች ካልሰፋ ሰው የሆንን አይመስለንም ነበር።

ዓለማየሁን ፈረንጆቹ በኋላ «የኢትዮጵያው ኤልቪስ»፣ «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» አሉት። ለእኛ ግን ማንንም ሳይመስል በፊት ዓለማየሁ ነበር። የፖሊስ ኦርኬስትራ ያወጣው ልጅ ነው። በልጅነቱ በሲኒማ ፍቅር ተነድፎ ወደ ሆሊውድ ለመሄድ ከቤት እንደ ጠፋ፣ ምጽዋ ድረስ ከተጓዘ በኋላ ተይዞ እንደ ተመለሰ ሲወራ ሰምተናል። እንዲህ ያለ ልብ ያለው ሰው መድረክ ላይ ቆሞ ዝም ብሎ አይዘፍንም። ይጮኻል፣ ይንፈራገጣል፣ ጃኬቱን ይወረውራል። ከፒያኖ ተጫዋቹና አቀናባሪው ግርማ በየነ ጋር ሆነው ዓለም ግርማ የተባለውን ባንድ ያቋቋሙትም በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ነው።

ሸክላውም ቢሆን ታሪክ አለው። በዚያን ጊዜ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረው ዐምሃ እሸቴ ይህንን ገደብ ደፍሮ ዐምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም በመጀመሪያ ያሳተመው የዓለማየሁን ዘፈን ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 መሆኑ ነው። ሸክላው ህንድ አገር ታትሞ መጣ። ዐምሃ ወደ አሜሪካ እስኪሰደድ ድረስ ባሉት ጥቂት ዓመታት ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎች አሳትሟል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ «ኢትዮፒክስ» እየተባለ በሚሸጠው ስብስብ ውስጥ ከእነዚያ ሸክላዎች የተቀዱ ብዙ ዘፈኖች አሉ። ዘጠነኛው ቅጽ ሙሉ በሙሉ የዓለማየሁ ነው። ዐምሃም ያረፈው በዚያው በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ላይ ነበር። አሳታሚው በፀደይ፣ ዘፋኙ በክረምት መሆኑ ነው።

ወደ ሱሪው ልመለስ። አንድ ቀን አባቴን ሱሪዬን ከታች እንዲያሰፋልኝ ለመንኩት። ጨርቁን በእጁ አገላብጦ አየና፣ «ልጄ፣ ይህንን ለብሰህ ትሄድበታለህ ወይስ መሬት ትጠርግበታለህ?» አለኝ። አኩርፌ ተኛሁ። ሌሊት ስነቃ መኪናው ይንቆራጠጣል። አባቴ በኩራዝ ብርሃን አጎንብሶ ሱሪዬን እየተረተረ ከሌላ ጨርቅ ላይ ሦስት ማዕዘን ቆርጦ ይቀጥልበታል። ጠዋት ወንበር ላይ ታጥፎ አገኘሁት። እሱም ምንም አላለኝ፤ እኔም አመሰግናለሁ አላልኩም።

አባቴ ያኔ የ52 ዓመት ሰው ነበር። ለእኔ ግን ያረጀ ሽማግሌ ነው። በ61 ዓመቱ፣ በ1971 ዓ.ም. አረፈ። እኔ ዛሬ 70 ዓመት ሞልቶኛል። አባቴ ካየው ዕድሜ ዘጠኝ ዓመት አልፌ መሄዴን ሳስብ ግራ ይገባኛል። ከዚህ በኋላ ያለውን መንገድ እሱ አልሄደበትም። ስለዚህ ምን እንዳለበት ሊነግረኝ አይችልም።

እንደ አርጩሜ የያዝኩት ዘፈን

ዓለማየሁ ብዙ የፍቅር ዘፈኖች አሉት። በየቤቱ የገባው ግን «ተማር ልጄ» ነው። ልጁን ተማር እያለ የሚመክር አባት ዘፈን ነው። ከናንተ መካከል ለልጁ ያላስደመጠው ካለ እጁን ያውጣ። ትምህርት ሲከፈት፣ የፈተና ሰሞን ሲመጣ፣ ሰርተፊኬት ሲወሰድ ስንት ጊዜ ሰምተነዋል።

እኔ ግን ዘፈኑን እንደ አርጩሜ ነው የተጠቀምኩበት። በባንክ ጸሐፊነት 36 ዓመት ስሠራ ያሳደግኳቸው አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አሉኝ። ሴቷ እንደ ልቤ ተማረች። ወንዱ ልጄ ግን ኢንጂነሪንግ ሦስተኛ ዓመት ላይ ዩኒቨርሲቲውን ትቶ ስቱዲዮ ገባ። የድምፅ ቀረጻና ቅንብር ሥራ ነው። እኔ ያኔ «ሽቦ መጎልጎል» ነበር የምለው። ለአንድ ዓመት ያህል፣ ማታ ማታ እሱ በር ከፍቶ ሲገባ ሆን ብዬ ቴፑን እከፍትና «ተማር ልጄ»ን አሰማው ነበር። ምንም አልናገርም። ዓለማየሁ ይናገርልኛል።

አንድ ማታ ቆመና፣ «አባዬ፣ ይህ ዘፈን ደስ ይለኝ ነበር፤ አስጠላኸኝ» አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ቤት ተከራይቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ግንኙነታችን የበዓል ሆነ። ዶሮ አብረን እንበላለን፣ ጉልበቴን ይስማል፣ ይሄዳል።

አግብቶ ሚስቱ ስትፀንስ ነገሩ ሊለዝብ ጀምሮ ነበር። በየሳምንቱ ይደውል ጀመር። እኔም ዝም ብዬ በልቤ የልጅ ልጅ ስም እመርጣለሁ። ከዚያ ያ ስልክ መጣ።

እልልታው

ዘመኑ 2011 ዓ.ም.፣ ወሩ ሐምሌ ነው። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። የልጄ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር ተናገረ። ከዚያ ውስጥ እኔ የያዝኩት አንድ ቃል ነው፤ «ወለደች»።

ወሯ መቼ እንደሆነ እንኳ አላሰብኩም። «እሰይ! እንኳን ማርያም ማረቻት!» ብዬ ጮኽኩ። ወደ ጓዳ ዞሬም «እልል በይ! ወልዳለች!» አልኩ። ባለቤቴ ከነ ማማሰያዋ ወጥታ ስልኩ አጠገብ ሦስት ጊዜ እልል አለች። ከወዲያ ማዶ ዝም አለ። ከዚያም ስልኩ ተዘጋ።

ማምሻውን ሴቷ ልጄ አልቅሳ መጣች። ልጄ የተናገረው «ወለደች» ሳይሆን «አስወረዳት» ነበር። አምስተኛ ወሯ ነበር። ስልኩም ሁለቱም እንዲሰሙት ድምፁ ተከፍቶ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። በሐዘኗ ላይ እልልታ ሰማች።

በዚያች ማታ አንዲት አጭር እውነት ብናገር ኖሮ ነገሩ ያኔ ባለቀ ነበር። «ልጄ፣ አልሰማሁህም። ጆሮዬ ደክሟል» ማለት ብቻ። አላልኩም። «ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው» አልኩ። ሴቷ ልጄም ለወንድሟ ይህንኑ ነገረች። እሱ ግን አላመነም። በድምፅ ሥራ የሚኖር ሰው ነው፤ መስመሩ ጥርት ያለ እንደነበረ ያውቃል። ስለዚህ የደረሰበት ድምዳሜ ሌላ ነበር፤ አባቴ እኔን ልብ ብሎ አዳምጦኝ አያውቅም፣ ያን ቀንም አላዳመጠኝም የሚል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ እያሰበ እንደኖረ የሰማሁት በኋላ ከራሱ አፍ ነው።

ለምን አልተናገርክም ትሉኝ ይሆናል። ቋንቋችንን አስቡት። «ደንቆሮ» የሚለው ቃል ጆሮው የማይሰማውንም፣ ጭንቅላቱ የማይሠራውንም ሰው አንድ ላይ ይጠራል። ዓይኑ የደከመ ሰው መነጽር ሲያደርግ የተማረ ይመስላል። ጆሮው የደከመ ሰው ግን ይሳቅበታል። ልጅ ሆነን ጎረቤታችን ባልቴት ሲሳሳቱ ስንት ጊዜ ስቀናል! እኔም ልጄ ደንቆሮ ሆነ ከሚለኝ፣ ግድ የለሽ ነው ቢለኝ መረጥኩ። አሁን በጽሑፍ ሳየው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ክብሬን የጠበቅኩ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ኮቪድ መጣ። ሁሉም አፉን በማስክ ሸፈነ። ለካስ እኔ ሳላውቀው የሰዎችን ከንፈር እያነበብኩ ነበር የምኖረው። ከንፈሩ ሲሸፈን ዓለም አጉረመረመብኝ። ባንክ ቤት፣ ፋርማሲ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ የሚነገረኝ ሁሉ ሙምምታ ሆነ። እኔም ሁሉንም በፈገግታና በራስ ንቅናቄ መመለስ ጀመርኩ። የዕድር ስብሰባ ቀረሁ። ሰው ሲጠይቀኝ «እርጅና ነው፤ ጫጫታ ሰለቸኝ» እላለሁ። የሰለቸኝ ግን አለመስማቴ ነው።

«ጢስ ጢስ የሚለው»

ያን ዓርብ ጠዋት ወደ ተውኩበት ልመለስ። ካዘንኩ በኋላ ቁም ሣጥኔ ላይ ያለችውን የሸክላ ማጫወቻ አወረድኩ። ልጄ ጎረምሳ ሳለ የጠገናት ናት። የዓለማየሁን አንድ ሸክላ አቧራውን ጠርጌ አስቀመጥኩና መርፌዋን አሳረፍኩ።

የልጅ ልጄ አጠገቤ ተቀመጠች። ዘፈኑን ወደደችው። «አባባ፣ ይህ ከኋላ ጢስ ጢስ የሚለው ምንድን ነው?» አለችኝ።

አልገባኝም። ደገመችልኝ፤ በእጇም የድራም መቺ እያስመሰለች አሳየችኝ። ሲምባሉን ነው። ያ የድራም ሳህን ገና ዘፈኑ ሲጀምር እንደ አሸዋ የሚረጨው ድምፅ። በ19 ዓመቴ እግሬን ያንቀጠቅጠው የነበረው እሱ ነው። ጆሮዬን ወደ ማጫወቻዋ አስጠጋሁ። የዓለማየሁ ድምፅ አለ። ባሱ አለ። ሳክስፎኑም ቢደበዝዝ አለ። ሲምባሉ የለም።

«ሸክላው አርጅቶ ነው፤ ጠፍቷል» አልኳት።

«አልጠፋም አባባ። እኔ እየሰማሁት ነው።»

ልጅ ክፋት የለውም፤ ያየውን ይናገራል። ያቺ ዐረፍተ ነገር ግን ደረቴን ወጋችኝ። ያረጀው ሸክላው አልነበረም። ሸክላው ከ50 ዓመት በኋላም የያዘውን ይዟል። ዘፋኙም ትቶት የሄደው ሁሉ እዚያው አለ። የጎደልኩት እኔ ነኝ። እዚያው ላይ ያ የሐምሌ ስልክ ትዝ አለኝ። ሲምባሉን የበላው ጆሮ የልጄንም ቃል በልቶታል።

ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ስትል እያለቀስኩ አገኘችኝ። ለዓለማየሁ መሰላት። «ምነው፣ በዕድሜው ነው የሄደ፤ 80 ሞልቶት» አለችኝ። እኔም «ስልኩን ስጪኝ» አልኳት።

ልጄ ሲያነሳ ብዙ ሐተታ አላበዛሁም። «ዓለማየሁ ሞተ» አልኩት። «ሰምቻለሁ አባዬ» አለኝ። ቀጥዬም፣ «ያን ቀን አልሰማሁህም ነበር። ኔትወርክ አይደለም፤ ጆሮዬ ነው። ዋሽቻችኋለሁ» አልኩት። ከዚያ በኋላ የተናገረውን አልሰማሁም። ይህንንም ነገርኩት። «አሁን ያልከውንም አልሰማሁም፤ ና» አልኩት።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ዝናቡን ችሎ መጣ። ማስኩን አውርዶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና ቀስ ብሎ፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ሐኪሙ ጋር

በሚቀጥለው ሳምንት፣ ጳጉሜን ውስጥ፣ እሱ ራሱ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ። ሐኪሙ በመጀመሪያ ጆሮዬን በመብራት አየ። የጆሮ ኩክ ብቻውን ሊደፍን ስለሚችል መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። የኔ ጥቂት ነበረበት፤ ጠረገልኝ። ከዚያ ጸጥ ያለች ትንሽ ክፍል ውስጥ አስገብተው ማዳመጫ አደረጉልኝ። ድምፅ ስሰማ ቁልፍ እጫናለሁ። መጨረሻ ላይ አንድ ወረቀት ላይ መስመር ተሠመረ። በወፍራም ድምፅ በኩል ደህና ነው፤ ወደ ቀጭን ድምፅ ሲሄድ መስመሩ እንደ እንጦጦ ቁልቁለት ይወርዳል።

ሐኪሙ ያስረዳኝን እንደገባኝ ልንገራችሁ። በውስጠኛው ጆሮ ጸጉር የመሰሉ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። ስንወለድ የተሰጡን እነዚያው ናቸው፤ ከሞቱ አይተኩም። ቀጭን ድምፅ የሚቀበሉት በደጃፉ በኩል ያሉት ስለሆኑ በአብዛኛው ቀድመው የሚያልቁትም እነሱ ናቸው። ለዚህ ነው ሽማግሌ «እሰማለሁ፣ ግን አይገባኝም» የሚለው። የቃል ጉልበቱ ያለው በወፍራሙ ድምፅ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ሰው እየተናገረ መሆኑ ይሰማል። ቃልን ከቃል የሚለዩት ግን እንደ ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ተ ያሉት ቀጫጭን ድምፆች ናቸው። እነሱ ሲጎድሉ አእምሮ ክፍተቱን በግምት ይሞላል። አብዛኛውን ጊዜም የሚሞላው እሰማለሁ ብሎ በሚጠብቀው ነገር ነው። እኔ በሐምሌው ስልክ የሞላሁት በምመኘው ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑት ሰዎች ከአራቱ አንዱ ኑሮውን የሚያውክ የመስማት ችግር አለበት። ከአራት አንድ! በዕድራችን ስብሰባ ላይ ከተቀመጥነው ሽማግሌዎች ስንቶቻችን በፈገግታ ስንሸፋፍን እንደኖርን ገመቱ። የስኳር በሽታና የደም ግፊትም የጆሮን ጉዳት ያባብሳሉ። ሰው ሳይሰማ ሲቀር ከሰው ይርቃል፤ ብቸኝነቱ ድባቴ ያመጣል። ተመራማሪዎች በመካከለኛ ዕድሜ ላይ ሳይታከም የሚቀር የመስማት ድካም በኋላ ለሚመጣ የመርሳት ችግር ከሚያጋልጡ ነገሮች ውስጥ ይቆጥሩታል። ስለዚህ «እርጅና ነው» ብሎ መተው ከኩራትም በላይ ያስከፍላል። አንድ ጆሮ በድንገት፣ በአንድ ቀን ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ካልሰማ ደግሞ እንኳን ለወራት ለሳምንትም አይታደርም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

ለእኔ የታዘዘልኝ የመስሚያ መሣሪያ ነው። ዋጋው ለጡረተኛ አይቀመስም፤ ሁለቱ ልጆቼ ተካፍለው ገዙልኝ። ልጄ እንደ ስቱዲዮ ዕቃ አገላብጦ አየውና ለካስ እኔ «ሽቦ መጎልጎል» ያልኩት ሙያ ይህንንም እንደሚያውቅ አስተማረኝ። የትኛው ድምፅ በየት በኩል እንደሚጎድለኝ ወረቀቱን እያሳየ ሲያስረዳኝ ከሐኪሙ ባልተናነሰ ገባኝ። ይህ ልጅ አልተማረም ብዬ ስንት ዓመት አስለቅሼዋለሁ።

አሁን

መሣሪያው እንደ መነጽር አይደለም። መነጽር ዓይንህ ላይ ስታደርገው ያኔውኑ ታያለህ። ይህኛው ጊዜ ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ሳምንት ሁሉ ነገር ጮኸብኝ። የጋዜጣ ወረቀት ይንኮሻኮሻል፣ ማንኪያ ይጋጫል፣ የራሴ እግር ይረብሸኛል። ሐኪሙ ግን አስቀድሞ ነግሮኛል። ለዓመታት ያልሰማውን አእምሮ እንደገና ለማስለመድ ሳምንታት፣ ለአንዳንዱም ወራት ይፈጃል። ብዙ ሰው በሁለተኛው ቀን አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። እኔም ሁለት ጊዜ አውልቄ ነበር፤ ሁለቴም የልጅ ልጄ መልሳ አደረገችልኝ።

ቤተሰቤም ተምሯል። ከሌላ ክፍል አይጠሩኝም። ፊት ለፊቴ ሆነው፣ ሳይጮኹ፣ ረጋ ብለው ይናገራሉ። ጩኸት ቃሉን አያጠራውም፤ ያጣምመዋል እንጂ። ቁም ነገር ሲኖር ቴሌቪዥኑ ይዘጋል። እኔም በበኩሌ አንድ ሕግ አወጣሁ። ያልሰማሁትን ነገር በፈገግታ አላልፍም። «አልሰማሁም፣ ድገሙልኝ» እላለሁ። መጀመሪያ ቀን ይህችን ቃል ለማውጣት ያላበኝን ያህል ባንክ ውስጥ ሒሳብ ጎድሎብኝ አላላበኝም።

ከምራቴ ጋር ያለው ነገር እንዲህ በቀላሉ የሚያልቅ አይደለም። በእንቁጣጣሽ ዕለት መጣች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ይቅርታም ጠየቅኳት። ፊቷን ዝቅ አድርጋ ብዙ ቆየችና፣ «አባባ፣ እኔ እልልታውን እስካሁን እሰማዋለሁ» አለችኝ። ይህንን በደንብ ሰማሁት። ይቅር ብያለሁ አላለችም፤ እኔም እንድትል አላስገደድኳትም። ግን ቡናውን ያፈላችው እሷ ናት፤ ሦስተኛው እስኪጠጣም አልተነሣችም። ለመስቀልም መጣች። ሰው በራሱ ጊዜ ይምጣ።

ባለፈው እሑድ ልጄ መጥቶ ማጫወቻዋን ከፈተ። «ተማር ልጄ»ን አደረገ፤ ራሱ መርጦ። እኔ ደነገጥኩ፤ እሱ ግን ሳቀ። ሁለታችንም ዝም ብለን ሰማነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ዘፈኑን በማንም ላይ ሳልጠቁምበት አዳመጥኩት። ልጅ ሆኜ፣ አባት ሆኜ፣ አሁን ደግሞ አያት ሆኜ ሰምቼዋለሁ። እንዲማር የሚመከረው ልጅ እኔ እንደሆንኩ የገባኝ ግን አሁን በ70 ዓመቴ ነው።

ሲምባሉን ሰማሁት ወይ? ሰማሁት። የ19 ዓመቱ ሲምባል ግን አይደለም። እንደ አሸዋ አይረጭም፤ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ሲገባ ያለውን ድምፅ ይመስላል። ሐኪሙም የጠፋውን እንደ ጥንቱ አይመልሰውም ብሎኝ ነበር። ከሲምባሉ ይልቅ የልጄን ድምፅ በመስማቴ ይበቃኛል።

ዓለማየሁን ሳስብ ያ ኩራዝና የሲንጀሯ ድምፅ አብሮ ይመጣብኛል። አባቴ ሱሪዬን ያሰፋው ቤልቦተም ወዶ አልነበረም፤ የልጁን ልብ ሰምቶ ነው። የሱ ጆሮ እስከ መጨረሻው ደህና ነበር። እኔ ግን ገና ጆሮዬ ሳይደክም ልጄን መስማት ያቆምኩ ሰው ነኝ። ይህንን መሣሪያው አይጠግነውም፤ በራሴ ነው የምለማመደው።

እናንተ ግን ቤታችሁ ውስጥ በማይገባው ነገር ሁሉ የሚስቅ፣ ስብሰባ የጠላ፣ ቴሌቪዥን የሚያስጮህ ሽማግሌ ካለ «አይሰማም» ብላችሁ አትለፉት። አጠገቡ ቁጭ በሉና አንድ ያረጀ ዘፈን ክፈቱለት። ከኋላ ምን እንደሚሰማው ጠይቁት።